ሐሙስ ይመለሳል ብዬ የጻፍኩት ወረቀት

አጎቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጌም ቤት አለው። ከዋናው አስፓልት ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነው፤ በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ስድስት ኮምፒውተር። ድሮ ስምንት ነበሩ። ጦርነቱ መጀመሪያ ከተማችን የገባ ጊዜ ስምንቱም ከነገመዳቸው ተጭነው ሄዱ፤ አጎቴ ሳዑዲ ሰባት ዓመት ለፍቶ ያመጣው ነገር ባዶ ጠረጴዛ ሆኖ ጠበቀው። እንደገና ስድስት እስኪገዛ ድረስ ምን ምን እንደሸጠ እሱ ይጻፈው። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ሳምንት ነው።

አጎቴ ማሽን ያውቃል፤ ሰው ማናገር ግን አይሆንለትም። ደንበኛ «ለምን ቆመ?» ሲለው ፊቱን ወደ ገመዱ አዙሮ ዝም ይላል። ስለዚህ በዚያ ክረምት፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ የማናገሩ ሥራ የእኔ ሆነ። «አንቺ ምላስ አለሽ» አለኝ። ምላስ ብቻ ሳይሆን እጅም ነበረኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ክፍል ፊት አቁመው ካስነበቡኝ ወዲህ፣ ወላሂ፣ ያገኘሁት ነገር ላይ ሁሉ እጽፍ ነበር። ካርቶን አይቀረኝ፣ የስኳር መጠቅለያ አይቀረኝ። ሰው መጻፍ እንደሚችል ድንገት ሲያውቅ እንዴት እንደሚያደርገው! መንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ እሄድ ነበር።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ጎረምሶች ናቸው። በቡድን የተኩስ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የቡድኑ ግማሽ እኛ ቤት ነው፣ ግማሹ ጅዳና ኩዌት። ውጭ በአስፓልቱ ወታደር የጫነ መኪና እያለፈ፣ እነሱ ማዳመጫቸውን ደፍተው «ከኋላህ! ከኋላህ ነው አቦ!» ይባባላሉ።

የማይጫወቱ አንድ ደንበኛም ነበሩን። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለ መንደር በየሐሙሱ በእግራቸው የሚወርዱ እናት ናቸው። ልጃቸው ሳዑዲ ሰው ቤት ተቀጥራለች። ማዳሟ ከገባች ቀን ጀምሮ ስልኳን ወስዳባታለች። የማዳሟ ትንሽ ልጅ ግን ታብሌት አላት፤ በታብሌቷም የእርሻ ጨዋታ ትጫወታለች። ቤት ይሠራል፣ ላም ይረባል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ደግሞ መልእክት ይጻጻፋል። የአርዲቦዋ ልጅ አንድ ቀን በሰው ስልክ ደውላ «ሐይቅ ጌም ቤት አለ፤ እዚያ ሄደሽ ይህን ጨዋታ አስከፍቺ» ብላ የጨዋታውንና የሕፃኗን ስም ለእናቷ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ማዳሟ ከቤት ስትወጣ፣ እሷ ከሕፃኗ ጎን ቁጭ ብላ ትጽፋለች። እኔም በራሴ አካውንት የሕፃኗ ጎረቤት ሆኜ አነባለሁ፣ እመልሳለሁ።

እናትየው አጠገቤ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ስክሪኑን ትተው አፌን ያያሉ።

«በያት እስቲ፣ ላሚቱ ወልዳለች።»

«የትኛዋ ላም እማ? የጨዋታዋ?»

«ኧረ የእኛዋ! ምን ነካሽ አንቺ፣ እኔ ሳጥን ውስጥ ላም አለኝ?»

ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሐሙስ የመጣው መልእክት ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሁለቴ አነበብኩት። «እማ፣ ማዳም ለሌላ ቤት ልታስተላልፈኝ ነው። የት እንደሆነ ገና አልነገሩኝም። የሚመጣው ሐሙስ አጣርቼ እጽፍልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ይቺን ታብሌት አላገኛትም።»

እናትየው «አላገኛትም ማለት?» አሉ።

«ቤቱን ስትለቅ ሕፃኗንም ትለቃለች እማ። ሐሙስ አድራሻዋን ካልሰጠችን፣ በምን እንደምናገኛት እንጃ።»

«የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ነው ያለችው» አሉ ቀስ ብለው። «ቤት ቀየርኩ አለች። ይኸው እናቷ እስከዛሬ መንገድ ታያለች።»

ከዚያ በኋላ ሐሙስን መቁጠር ጀመርን። እሳቸው አርዲቦ ሆነው፣ እኔ ሐይቅ ሆኜ።

ሰኞ ጠዋት ኔትወርኩ ጠፋ። የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም፤ የአካባቢው ሁሉ ነው። ውጊያው ባገረሸ ቁጥር እንዲህ ይሆናል፤ ኢንተርኔቱ ጭልጥ ይላል፣ ስልኩ ደግሞ ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይዘጋል። አጎቴ ወረቀት አምጪ ብሎ አስጻፈኝ። «ኔትወርክ የለም።» አለቀ። በሩ ላይ ለጠፍነው። ማን ይተወን! በሩ ሲንኳኳ ዋለ።

«የለም ማለት ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ ብሎ የጻፈ አለ?»

«ለዛሬ ብሎ የጻፈስ አለ? አንቺ፣ እኔን እኮ ጅዳ ያሉት ልጆች ሸሸ እያሉኝ ነው!»

«ኔትወርክ ከሌለ እንደሚሉህ በምን አወቅህ?»

«አውቃቸዋለሁ አቦ!»

ማክሰኞ ተነሥቼ የራሴን ጻፍኩ። አጎቴ ደሴ ሄዶ ነበር። አሁንም በቃሌ አስታውሰዋለሁ፦ «ውድ ደንበኞቻችን፣ የጠፋው ኔትወርኩ ነው፤ እኛ አለን። ማንኳኳት ይፈቀዳል፣ መቆጣት አይፈቀድም። የጅዳ ጓዶቻችሁ ሸሻችሁ ቢሏችሁ እኛ ምስክር እንሆናለን። ትዕግሥታችሁን አላህ ይክፈላችሁ። ጨዋታው ሐሙስ ይመለሳል።»

ሐሙስ ያለኝ ማንም የለም። ሐሙስ፣ ሐሙስ ስል ሰንብቼ እጄ ራሱ ነው የጻፈው። ደግሞ አረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ሲያርፍ ያምር ነበር፤ «መቼ እንደሚመለስ አናውቅም» ብለው ኖሮ ጽሑፉ በአፍጢሙ ይደፋ ነበር። ጨርሼ ሳየው ባዶ ባዶ አለኝ። የአጎቴን መሳቢያ ከፈትኩና ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ ያስቀረጸውን ክብ ማኅተም አወጣሁ። ሐምራዊ ቀለም ነክሬ ከታች አንድ ጊዜ መታሁት። ሲያምር አየሁና ከላይም ደገምኩ።

ልጆቹ ተሰብስበው ጮክ ብለው አነበቡት። ሳቁ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣው። እኔ ከበሩ ጀርባ በቀዳዳው እያየሁ፣ ሰው ቆሞ ቃሌን ሲያነብ እያየሁ፣ ደስታዬ ከአፌ እንዳያመልጥ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

ረቡዕ እቤት ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ጌም ቤቱ ዝግ ነበር።

ሐሙስ እናትየው ዝሁር ሳይደርስ መጡ። ነጭ ሻሻቸው ታጥቦ፣ ጫማቸው ላይ የክረምቱ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። ሌሊቱን ሙሉ ዱዓ ሲያደርጉ እንዳደሩ ነገሩኝ። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩላቸው። ጨዋታው ሊከፈት ሲል የምትሽከረከረዋ ክብ መጣች። ዞረች። ዞረች።

«ይኼ የሚዞረው ምንድን ነው?»

«እየፈለገ ነው እማ።»

«ማንን?»

«ኔትወርኩን።»

«እኔስ ልጄን እንዲፈልግ ነበር የመጣሁት» አሉ።

ዐስር ተሰገደ። ክቧ ትዞራለች። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፤ ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አጎቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወረደ። እዚያ ማዶ አንዲት ልጅ ከአንዲት ሕፃን ጎን ተቀምጣ፣ በሩን በአንድ ዓይኗ እየጠበቀች፣ ለእኛ ትጽፋለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እናትየው ቀስ በቀስ ወደ ስክሪኑ እየተጠጉ ሄደው ትንፋሻቸው መስታወቱን አደበዘዘው።

በዚህ መሀል ከደንበኞቻችን ረጅሙ ልጅ ገባ። ቁመቱ የበሩን መቃን ስለሚነካ ሁላችንም ረጅሙ ነው የምንለው። አየንና «አልመጣም?» አለ። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረ። «ነግሬዎት ነበር እኮ እማ። ትናንት ባይከለክሉኝ ኖሮ።»

«ምኑን ነው የከለከሉህ?» አልኩት።

ነገሩ ይኼ ነው። እናትየው ልባቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ረቡዕም ወርደው ኖሯል። እኛ የለንም። ማንበብ ስለማይችሉ ረጅሙን ልጅ አቁመው ወረቀቱን አስነበቡት። እሱም ነገራቸውን ሲሰማ፣ እህቱ አዲስ አበባ እንደሆነች፣ እዚያ ኔትወርክ እንዳለ፣ የአካውንቴን ፓስወርድ ከእኔ ተቀብሎ በስልክ ቢነግራት እሷ ከፍታ ልትጽፍላቸው እንደምትችል ነገራቸው። ቤቴ ድረስ መጥቶ ሊጠይቀኝም ተነሥቶ ነበር። እሳቸው ናቸው የመለሱት።

«ነገ ይመጣል ተብሎ በማኅተም ተጽፏል አሉኝ» አለ ረጅሙ። «ሁለት ማኅተም አሉኝ።»

«አንተ ነህ ማኅተም አለበት ያልከኝ!» አሉ እናትየው። «እኔም በዓይኔ አየሁት፤ ክቡን ማን ያጣዋል? የቀበሌው ወረቀት ማኅተም አለበት። ልጄ የሄደችበት ወረቀት ማኅተም አለበት። እንዲያው ማኅተም ተመትቶ ይዋሻል እንዴ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው ሐሙስ ይመጣል ያለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«እኔው ነኝ እማ። ሲነበብ ደስ እንዲል ብዬ ነው።»

ቢሰድቡኝ ምን አለበት። ቢመቱኝስ። አፌን የሚያዩት ዓይኖቻቸው ከአፌ ተነሥተው መሬቱ ላይ አረፉ። አጎቴ ከበሩ ላይ ወረቀቱን ገንጥሎ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሚያነበው። «ማኅተሜን?» አለ ብቻ። እሱ ብዙ አይናገርም ብያለሁ፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን እስከዛሬ ትሰማኛለች።

ረጅሙ ልጅ ያኔውኑ ለእህቱ ደወለ። አልገባ አለ። ውጭ ወጣ፣ ወደ ኮረብታው ሮጠ፣ ደወለ፣ ተመለሰ። ሰዓት እላፊው ደረሰና ተበተንን። እናትየው እኛ ቤት አደሩ። እራት ቀረበላቸው፣ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፣ አልጎረሱም። እናቴ ዓይኗን ወደ እኔ እየወረወረች «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያግራዋል» ትላቸዋለች።

ጁምዓ ጠዋት ስልኩ ገባ። ረጅሙ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወሬው ተሰምቶ ስለነበር የጌም ቤቱ ልጆች ሁሉ ቆመዋል።

«ፓስወርዱን በሉኝ» አለች እህቱ። «ባትሪዬ እያለቀ ነው፤ እኛ ሰፈር መብራት የለም።»

ሁሉም አየኝ። ያ ፓስወርድ ሰው ፊት የሚነገር አልነበረም። ግን ምን ላድርግ። ፊደል በፊደል ቆጠርኩላት።

«ቆይ» አለች፣ «‹ታላቋ ደራሲ›? በላቲን?»

«አዎ።»

አንዱ ከኋላ «ማሻአላህ!» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ትዋጠኝ እል ነበር። ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም።

ከፈተችው። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ ሁሉም የትናንት ናቸው። «እማ አለሽ?» «እማ።» «እባካችሁ መልሱልኝ።» «ዛሬ ማታ ይወስዱኛል። የት እንደሆነ አልነገሩኝም።» «እማ።»

«ከዚያስ?» አለ አጎቴ።

«ከዚያ የለም።»

እናትየው ከበርጩማው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ብቻ ያያሉ። አብሬያቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን ልበል? የምለው ቃል ሁሉ የበሩን ወረቀት ይመስለኝ ነበር።

«ኧረ ቆዩ!» አለች የረጅሙ እህት ከአዲስ አበባ። «አንድ ሰው ገባ። እየጻፈ ነው። አረብኛ መሰለኝ፣ በላቲን ነው፤ አልገባኝም።»

አጎቴ ስልኩን ሊነጥቀው ምንም አልቀረው። «ፊደሉን በይ! ፊደሉን በይልኝ እቴ!»

ፊደል በፊደል ነገረችው። አጎቴ በከንፈሩ እየደገመ አገጣጠመው። «ሕፃኗ ናት! ‹ላሚቱን ስጪኝ› ነው የምትለው።» ከዚያ ያ ሰው ማናገር የማይችለው አጎቴ፣ ወላሂ፣ እንደ ማር ሆነ። «ሀቢብቲ በያት። የኔ ቆንጆ በያት። ላሟን እንሰጥሻለን፣ ሞግዚትሽ የት ሄደች በያት።» ቃሉን በአረብኛ እየተናገረ ፊደሉን ይቆጥርላታል፤ እሷ እዚያ ትጽፋለች፤ እኛ እንጠብቃለን።

መልሱ ሲመጣ አጎቴ ጠረጴዛውን መታ። «ዒንድ ኻልቲ! አክስቴ ዘንድ ናት ነው የምትለው! ከጁምዓ ሶላት በኋላ እነሱም ለምሳ እዚያ ይሄዳሉ!»

«ታብሌቱን ይዛ ትሂድ!» ብዬ ጮህኩ። «ለእሷ ታሳያት!»

አጎቴ ይህንኑ አስጻፈ። የረጅሙ እህት ያሉኝን ላሞች በሙሉ ለሕፃኗ ላከችላት። ሕፃኗ እሺ አለች። ወጣች። እሺ ያለችው ለላሞቹ ይሁን ለእኛ ማንም አላወቀም። አጎቴ ስልኩን ሊዘጋ ሲል «አይታወቅም፣ የጨቅላ ነገር ነው» አለ፤ ወዲያው እናትየውን አይቶ ፊቱን ወደ ገመዱ አዞረ።

ወንዶቹ መስጊድ ሄደው ተመለሱ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። እናትየው ከመሬቱ አልተነሡም። አንዴ ብቻ እጄን ያዙና «አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሕፃኗ ትረሳለች አይደል?» አሉኝ።

ልጆቹ ሁሉ ከጀርባቸው በዓይናቸው «አትረሳም በያቸው» ይሉኛል።

«አላውቅም እማ» አልኩ።

እጄን አልለቀቁትም።

ከዐስር በኋላ ስልኩ ጮኸ። የረጅሙ እህት ናት፤ ትንፋሽ አጥሯታል። «ጽፋለች! ራሷ ናት፣ ከአክስትየው ቤት! እንግዳ ሆኖ ከመጣ ቤተሰብ ጋር አንዲት ሐበሻ ልጅ አለች፣ ስልክ አላት፣ ካርድ ግን የላትም። እስከ መግሪብ ነው የምትቆየው፤ ቶሎ ደውሉ ትላለች። ቁጥሩን ያዙ!»

እኔ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። አንድ በአንድ እየጠራች፣ አንድ በአንድ እየጻፍኩ፣ አንዲት ቁጥር ስትቀር ድምፁ ጠፋ። ደወልን። ስልኩ ዝግ ነው አለች የማሽኗ ሴትዮ። ባትሪው አልቋል።

ረጅሙ ልጅ ጭንቅላቱን ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። «አንዲት ቁጥር! አንዲት!»

«አንዲት ቁጥር ስንት ትሆናለች?» አሉ እናትየው።

«ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ካሉት አንዷ ናት።»

«ታዲያ አሥር ሰው አይደለም እንዴ? ሐይቅ ውስጥ አሥር በር አንኳኩ ብባል አላንኳኳም?» ተነሥተው ቆሙ። «ደውሉ።»

አጎቴ ደወለ። ዜሮ፣ የለም። አንድ ላይ ሰውዬ አነሣ፤ ከእንቅልፉ ነው መሰለኝ ጮኸበት፤ አጎቴ «አፍዋን፣ አፍዋን» እያለ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። ሁለት ሥራ ላይ አይደለም። ሦስት ጮኸ፣ ጮኸ፣ ማንም አላነሣም። አራት ላይ አረብኛውም የማይገባን ሰው ሳቀብን። በየመሀሉ መስመሩ ይቆረጣል፣ እንደገና እንሞክራለን። በመስኮቱ ፀሐዩ ወደ አምባሰል ተራሮች ሲያዘነብል ይታየኛል፤ እዚያ ደግሞ መግሪብ መቼ ይሆን? አምስት። ስድስት ሴት ናት፣ ግን አረብ። ሰባት፣ ስምንት። ዘጠኝ ላይ ስንደርስ አጎቴ ስልኩን አስቀመጠ።

«ያላነሣው ማን ነበር?» አሉ እናትየው።

«ሦስት» አልን ሁላችንም።

ሦስትን ደወለ። ጮኸ። ጮኸ። ሊቆረጥ ሲል ተነሣ።

«አሎ? ማን ልበል?» የወሎ ቅላጼ።

አጎቴ አንድም ቃል ሳይናገር ስልኩን ለእናትየው ሰጣቸው። ገልብጠው ያዙት፤ ረጅሙ አዞረላቸው። የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ከዚያ ማዶ ግርግር፣ የሰሃን ድምፅ፣ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። «እማ?» የሚል ሲመጣ እኔ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«እናትሽ ነኝ» አሉ። «ሌላውን ኋላ ታወሪያለሽ። መጀመሪያ ያለሽበትን ንገሪኝ። ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ የአባወራውን ስም፣ ሁሉንም።» ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ ወደ እኔ ዞረው በጣታቸው ጠሩኝ። «ነይ፣ ጻፊ። እኔ የምልሽን ብቻ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ የሰውዬውን ስም ከነአባቱ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን መስጊድ። እሷ እየነገረቻቸው እሳቸው ጮክ ብለው ይደግሙልኛል። መሀል ላይ አንድ ጊዜ ድምፃቸው ተሰብሮ «ወይኔ ልጄን» አሉ። እሱንም ጻፍኩት፤ ከሰፈሩ ስም ቀጥሎ ነው ያለው።